ሳይጠመቅ የቀረው የተዝካሬ ጠላ

የገዛ ተዝካሬን ልደግስ ብቅል ያስዘፈዘፍኩ ሰው ነኝ። ድግሱ ቀርቶ ይኸው ዛሬ በረንዳዬ ላይ፣ ያውም ያለ ትራስ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ያለ ትራስ መቀመጥ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የማያውቀውንም እግዜር አያሳውቀው።

ሕመሜ የአንጀት መጨረሻ ካንሰር ነበር። ከፊንጢጣ ከፍ ብላ ያለችው የትልቁ አንጀት ጫፍ ናት ብለው ሐኪሞች አስረድተውኛል። በእኛ አገር ሰው ራሴን፣ ወገቤን፣ ጨጓራዬን አመመኝ ይላል እንጂ እዚያ ቦታ አመመኝ አይልም። እኔም አላልኩም። ዝምታዬ ሊገድለኝ ደርሶ ስለነበር አሁን በየገበያው፣ በየማኅበሩ አወራዋለሁ። የሚስቅ ይስቃል። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወደ ጥግ ስቦ የሚጠይቀኝ አይጠፋም።

ይስማው እባላለሁ። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ በርበሬ አመርታለሁ፤ የጎረቤቶቼንም ሰብስቤ ቡሬ ገበያ አወጣለሁ። ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ዘመን፣ ሞባይል ገና ወደ ገጠሩ እየገባ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ በምንወጣበት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ደም ነው። አልደነገጥኩም። የበርበሬ አገር ሰው ቀይ ነገር አያስደነግጠውም። በርበሬ ተለቅሞ ሲሰጣ ግቢያችን ቀይ ነው፤ እጃችን ቀይ፣ ልብሳችን ቀይ፣ ስናስነጥስ እንኳ የሚወጣው ቀይ ነው። "በርበሬው ነው፣ አንጀቴን ልጦት ነው" አልኩ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴን የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ብጠይቃቸው፣ "ለዚያ ሰው ንገረው፤ ኪንታሮት ነው፣ በርበሬ ይተው" አሉኝ። ያ ሰው ማን እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል፤ ስንለያይ "እግዜር ይማርህ" ብለውኛልና።

በርበሬ ተውኩ። የበርበሬ ነጋዴ አልጫ ሲበላ ይታያችሁ! "አያ ይስማው፣ አንቱ ያልበሉትን በርበሬ እኛ እንዴት እንገዛለን?" ብለው ገበያ ላይ ቀለዱብኝ። ደሙ ግን ቀነሰ፤ ዳንኩ አልኩ። ያታለለኝም ይኸው ነው። በዚህ ሕመም ደም መጥቶ መሄድ ልማዱ መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ብቻውን አልመጣም። ወጥቼ ገና ሱሪዬን ሳልታጠቅ እንደገና ይጠራኛል፤ ብሄድ ምንም የለም። ቅዳሴ ቆሜ ማስቀደስ አቃተኝ። ቀበቶዬም አዲስ ቀዳዳ ፈለገ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የምትመረምረኝ ነርስ በልጄ ዕድሜ ናት፤ አፍሬ "ሆዴን ይቆርጠኛል" ብቻ አልኳት። አሜባ ነው ተብሎ ክኒን ተሰጠኝ። እሷ ምን ታድርግ? የነገርኳትን አከመች። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውን ተረት ስንቴ ለሌላ ሰው ተርቼው ነበር!

ያወቀችብኝ ባለቤቴ የሺ ናት። ልብሴን ይዛ ወንዝ ወርዳ ስትመለስ እርጥቡን ሱሪ እጇ ላይ እንደያዘች ፊቴ ቆመች።

"አንተ ሰው፣ ምን ሁነሃል?"

"በርበሬ ነው።"

"የበርበሬና የደም እድፍ ለይቼ የማላውቅ መሰለህ? ዕድሜ ልኬን የማጥበው እኮ እሱኑ ነው። ይህ በርበሬ አይዶለም።"

ነገርኳት። ተቆጣችኝ፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ተቆጣችኝ። በማግሥቱ ፍኖተ ሰላም ይዛኝ ሄደች። እዚያ ልጃችን መሠረት አስተማሪ ናት፤ ማረፊያችን እሷ ቤት ሆነ።

የሐኪም ቤት ወረፋ ሌላ አገር ነው። ከጅጋ በእግር የመጡ ገበሬዎች በትራቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ግድግዳ ጥግ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እናቶች ልጅ ያስታቅፉሃል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ይነሳል፣ ሁሉም ይቀመጣል። እኔ ግን አግዳሚው ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። አንዲት የማላውቃት ሴት ጋቢዋን አጣጥፋ ሥሬ አነጠፈችልኝ። "ገብቶኛል ወንድማለም፣ ባለቤቴም እንዲህ ነበር" አለችኝ። ድኖ ይሆን ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ ፈራሁ። ስሟን አላውቅም፤ በጸሎቴ ግን "ባለጋቢዋ" እያልኩ አነሳታለሁ።

የገባሁበት ሐኪም ወጣት ነው። ሁሉንም አስወርቶኝ ሲያበቃ፣ "አባቴ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ በጣት የመረመረዎት ሰው አለ?" አለኝ። የለም አልኩ። "እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብሎ ጓንት አጠለቀ። ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት ልደግም ጀመርኩ፤ አንዱን መዝሙር እንኳ ሳልጨርስ አለቀ። የፈራሁት ውርደት ይህ ብቻ ነበር! ሐኪሙ ግን ፊቱ ተለወጠ። ውስጥ እብጠት አለ አለኝ። ከሥጋው ቅንጣት ናሙና ተወስዶ ተላከ፤ መልሱ ሲመጣ ካንሰር ሆነ።

"አይዞዎት፣ ቦታውን ካልለቀቀ በቀዶ ሕክምና ይወጣል" አለኝ። "ካልለቀቀ" የምትለዋን ቃል ይዤ ወጣሁ። ወደ ሌላ ቦታ አለመዛመቱን ለማየት አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ። ይህ በድምፅ ሞገድ የሆድን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ወረፋው ሩቅ ስለሆነብን አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። የሚያየው ባለሙያ መሣሪያውን እታችኛው ሆዴ ላይ ደጋግሞ መለሰው። ወገቤ ላይ ፈልጎ እንደገና ወደ ታች ወረደ። በመጨረሻ መሠረትን ለብቻዋ ጠራት።

በሩ ክፍት ነበርና ሰማሁት። "ዕጢው ታችኛውን ሆድ ይዞታል፤ ግራ ኩላሊቱም አይታይም፣ ሳያበላሸው አልቀረም። አዲስ አበባ ቢወስዷቸው ማንገላታት ነው።"

አልወቅሰውም፤ ያየውን ተናገረ። ጥፋቱ ወረቀቱን ይዘን ወደ ወጣቱ ሐኪም አለመመለሳችን ነው። ለእኛ የመጨረሻ የተናገረ ሐኪም የፈረደ ዳኛ ነው። መሠረት አዲስ አበባ እንሂድ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። እምቢ አልኩ። "ሬሳዬ አባይን እየተሻገረ አይመለስም። ከአባቴ አጠገብ፣ በደብሬ እቀበራለሁ" አልኳት። ወደ ቀዬዬ ገባሁ።

እቤቴ ስደርስ አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ የቁም ተዝካር። ሰው በሕይወት እያለ ለነፍሱ ካህናትና ድሀ የሚያበላበት ድግስ ነው። አባቶቻችን ያደርጉት ነበር። ሞቼ ልጆቼን ከማስጨንቅ በዓይኔ አይቼው ልሂድ አልኩ። ቦራ የምንለውን በሬ ለዚያ መደብኩት። እውነቱን ልናገርና ከወሰንኩ በኋላ ጭንቀቱ ቀለለኝ። ተስፋ መቁረጥም ዕረፍት አለው፤ ከካንሰሩ ይልቅ ሊገድለኝ የቀረበው እሱ ነበር።

"በይ ብቅል ዘፍዝፊ" አልኳት የሺን።

ጎተራ ገብታ ገብስ ቀዳች። ከጓዳ ጀርባ ስትንጎዳጎድ ዋለች፤ ዘፈዘፈችው፤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ድንጋይ ጫነችበት። ቀኑ ሲደርስ ቢገለጥ አንድም ፍሬ አላቆጠቆጠም። ሸተተ እንጂ አልበቀለም። ገብሱ ነቅዞ ይሆናል ተባለና ከጎረቤት ሌላ መጣ። እሱም እንዲሁ ሆነ። ብቅል ከሌለ ጠላ የለም፤ ጠላ የሌለበት ተዝካር ደግሞ በእኛ አገር መሳቂያ ነው።

ወሬው ወጣ። "የአያ ይስማው ገብስ እምቢ አለ" ተባለ። የነፍስ አባቴ ቄስ ሞላ መጡ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የተበላሸውን ገብስ በእጃቸው እያሹ ብዙ ዝም አሉ።

"ልጄ ይስማው፣ ሁለት ጊዜ እምቢ ያለ ብቅል በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም" አሉ። "ምናልባት ጊዜው አይዶለም እየተባልክ ይሆን? እግዜር ሐኪምንም ፈጥሯል። ጨርሰህ ሳትታይ የሞትህን ድግስ መደገስ ድፍረት እንዳይሆንብህ።"

"አባቴ፣ ሐኪም አይቶኛል እኮ።"

"አንድ ምስክር አይበቃም። ሁለተኛ አቁም። እሱም ከመሰከረ ጠላውን እኔ ራሴ አስጠምቃለሁ።"

የሺ ምሰሶውን ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ለልጄ ልቅሶ ያልተበገርኩት ሰውዬ ለገብስ ተሸነፍኩ። የተዝካሬ በሬ ቦራ ገበያ ወጣ። በእሱ ዋጋ አባይን ተሻገርን። በረሃውን ስንወርድ ይህን ውኃ መልሼ አየው ይሆን እያልኩ አንገቴ እስኪያመኝ ዞሬ አየሁት።

አዲስ አበባ ላይ እንደገና ወረፋ፣ እንደገና ደም፣ እንደገና ምርመራ ነበር። ሲቲ ስካን በሚሉት ትልቅ ቀለበት ውስጥ አስገቡኝ፤ የሰውነትን ውስጥ ስስ ስስ አድርጎ የሚያነሳ ነው። ለውጤቱ ከየሺ ጋር ተጠራን። ቀዶ ሐኪሟ ሴት ናት። ለነርሷ መናገር ያፈርኩት ሰውዬ እግዜር የላከልኝን ተመልከቱ!

"አቶ ይስማው፣ ግራ ኩላሊትዎ የት እንዳለ ያውቃሉ?" አለችኝ።

"በግራ ወገቤ ነዋ።"

"እዚያ የለም።"

በቃ፣ በልቶታል ማለት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅላ በጣቷ አሳየችን። ፅንስ እያለን ኩላሊት የሚፈጠረው ታች፣ ዳሌ ውስጥ ነው አለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ወገብ ይወጣል። የእኔ ቀኙ ሲወጣ ግራው እዚያው የተፈጠረበት ቀረ። "በአልትራሳውንድ ዕጢ የመሰለው ይህ ነው። ከተፈጥሮዎ ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል። ካንሰሩ አለ፤ ግን ቦታውን አልለቀቀም።"

የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች ታለቅስ ጀመር። "ዕድሜ ልኩን ከቀዬዬ አልነቃነቅም የሚለኝ ለካ በኩላሊቱ ኑሯል!" አለች። ሐኪሟም ሳቀች። እኔ ከዚያን ቀን በኋላ እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

ሳቁ ሲበርድ ሐኪሟ እውነቱን ነገረችን። ኩላሊቱ የተቀመጠው በትክክል ቢላዋ ከሚገባበት አጠገብ ነው። የደም ሥሮቹም ከሌላው ሰው በተለየ ቦታ ይመጣሉ፤ ሽንት የሚያወርደው ቱቦም አጭር ነው። አንዱ ቢነካ ብዙ ደም ይፈሳል። ካስጨነቀን ኩላሊቱን ልናወጣው እንችላለን፣ በቀኙ መኖር ይቻላል አለች። "ሳላውቀው ብገባ ኖሮ ነበር የሚያስፈራኝ። አሁን መንገዱን አይቼዋለሁ" ስትል ልቤ አረፈ። የማያውቀውን አላውቅም የሚል፣ የሚፈራውንም የሚናገር ሐኪም እመኑ።

ከቀዶው በፊት የነበረውን ሌሊት አላወራውም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። ስነቃ አፌ ደርቋል፣ ሆዴ ከብዶኛል፣ አፍንጫዬ ላይ ቱቦ አለ። ሐኪሟን ሳይ መጀመሪያ የጠየቅኋት፣ "ኩላሊቴስ?" ነው።

"ከነቦታው አለ። አልተቀየመንም" አለችኝ። ዕጢው ከነዙሪያው ወጥቷል፤ የተቆረጠው አንጀት ተቀጥሏል። ቅጥሉ እስኪጠና ሰገራዬ በሆዴ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ተደርጓል። ለጊዜው ነው ተብያለሁ።

ለጊዜውም ቢሆን ስገልጠው ግድግዳ ግድግዳ አየሁ። ሰው መሆኔ ያበቃ መሰለኝ። የሺን እንኳ አታሳዪኝ አልኩ። ከጎኔ የተኙት ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የጅጋ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸውም ከረጢት አላቸው። አንድ ጠዋት ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው፣ "ና እይ፤ እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የማጥበው፣ ቆዳውን እንዲህ አደርቀዋለሁ" አሉኝ። "አንተ በርበሬ በስልቻ ስትይዝ ኑረህ ለዚች ትንሽ ከረጢት ታፍራለህ?" ሲሉኝ ቁስሌን ይዤ ሳቅሁ። እሳቸው ሲሰግዱ እኔ ፊቴን አዞራለሁ፤ እኔ ዳዊት ስደግም እሳቸው ሬዲዮናቸውን ይዘጋሉ። ከዓመት በኋላ ጅጋ ልጠይቃቸው ብሄድ አርፈዋል። አላህ ይማራቸው። ልጆቻቸው አጠገብ ተቀምጬ እንደ አባቴ አለቀስኩላቸው።

ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት በክንዴ ወሰድኩ፤ ተርፎ የተደበቀ ካለ እንዲገድል ነው። ያቅለሸልሻል፤ ቀዝቃዛ ብረት ስትነካ ጣትህን ይወጋሃል። ኩላሊቴ እንዳይጎዳ በየጊዜው ደሜን ያዩ ነበር። የሺ በዘመድ ቤት ስትንገላታ፣ መሠረት ከፍኖተ ሰላም ስትመላለስ፣ ማሳዬን ጎረቤቶቼ በደቦ ሲያርሙልኝ ያ ጊዜ አለፈ። በሁለተኛ ቀዶ ከረጢቱ ተነሣልኝ። የመጀመሪያ ቀን ሽንት ቤት በወጉ ተቀምጬ ስነሣ እንደ ሕፃን እልል ቢባልልኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ቀዬዬ ስገባ ሰው ግቢዬን ሞላው። ተዝካሬን ሊበሉ የነበሩ ሁሉ መጡ። ያ ሽማግሌ ጎረቤቴ፣ "ድግሳችንን አስቀረህብን፤ ምነው ያን ቦራ እንኳ ሳትሸጥ ብትድን?" አሉኝ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፣ "ለዚያ ሰው ኪንታሮት ነው ማለቴ አስቆጭቶኛል" አሉ። "ያ ሰው ምሮዎታል" አልኳቸው።

አሁንም በቀጠሮዬ እየሄድኩ እታያለሁ፤ ዕድሜም እየተጨመረልኝ ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ደም ካያችሁ በርበሬን አትክሰሱ። ኪንታሮት ነው የሚላችሁ ሰው ሳይመረምር ከሆነ ሌላ ዘንድ ሂዱ፤ በጣት ተመርምሮ የሞተ ሰው የለም። ተስፋ የለም ብትባሉም አንድ ምስክር አይበቃም። ሌላ ዘንድ ስትታዩ ደግሞ ኩላሊታችሁ የት እንደተቀመጠ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ እኔ አሁን ጥርሴን ሲያመኝ እንኳ እናገራለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባለፈው ጊዜ መሠረት ልትዳር ሆነና የሺ ለሠርጉ ብቅል ዘፈዘፈች። ቅጠሉ ሲገለጥ ገብሱ ነጭ ጢሙን አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዟል። ስታሰጣው አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ "የዚያን ጊዜው ገብስ ግን ምን ነክቶት ይሆን?" አልኳት።

ቀና ሳትል፣ "በፈላ ውኃ ነበር ያጠብኩት" አለች።

"ምን?"

"አፍልቼ አፈሰስኩበት። የጎረቤቱንም እንዲሁ። የተቀቀለ ገብስ ይበቅላል እንዴ? ቁመህ ለምትሄድ ሰውዬ የተዝካር ጠላ እኔ አልጠምቅም!"

"ቄስ ሞላ ምልክት ነው ሲሉ ቁመሽ አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ። ምልክት አይዶል እንዴ? ውኃውን አፍይ ብሎ ልቤን ያነሳሳው ማን መሰለህ?" አለችና አሁን ቀና አለች። "ደግሞ ለነፍስ አባታችን ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ዋሽቼ አልቀመጥም።"

"መቼ?"

"አልጋህ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ነዋ።"

የተበላሸውን ገብስ በእጃቸው እያሹ ያን ያህል ዝም ያሉት ትዝ አለኝ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣ። እጇን ይዤ፣ "የሺ፣ ያለሁት ባንች ነው። እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት። በትዳር ዘመናችን እንዲህ ብያት አላውቅም ነበር።

እጇን ቀስ ብላ ከእጄ አወጣችና፣ "በል ተነሥ፤ ብቅሉ ላይ ነው የተቀመጥከው" አለችኝ።